ለመስታወቱ ሳጥን የተገኘችው ጥርኝ

ሙዚየሙ ውስጥ የነበረችውን ጥርኝ ብል በልቶ ከጨረሳት ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ የቀረው «ጥርኝ» የሚል ካርድ ብቻ ነው። አለቃው ባዶ ሳጥን ማየት ሰልችቷቸው፣ እስከ ሰኞ ካልሞላ የእንስሳት ክፍሉን ዘግተው እሷንም ወደ መዝገብ ቤት እንደሚያዛውሯት ለክፍሉ ሠራተኛ ነገሯት። እሷ ደግሞ የሞተ እንስሳ ቆዳ ገፍፋ፣ አልፍታ፣ በጭድ ሞልታ ከማቆም ሌላ የምትወደው ሥራ የላትም። ጥርኝ እንደ ሽንኩርት ከገበያ አይገዛም። መዝገብ ቤት ከመቀበሯ በፊት አገር ማየት አማራትና የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። ነርስ የሆነውን ታናሽ ወንድሟን ከኋላ አፈናጥጣ በሞተር ሳይክሏ ወጣች።

በሁለተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ አንዲት ጥርኝ ከቁጥቋጦ ዘላ ከፊት ጎማው ጋር ተላተመች። ሞተሩ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። የወንድሟ ክርን፣ የእሷ ደግሞ ጉልበት ተላጠ። ጥርኟ መሀል አስፋልት ላይ ተዘረረች።

ወንድሟ አቧራውን ሳያራግፍ ተንበርክኮ ጣቶቹን የጥርኟ ደረት ላይ አሳረፈ።

«እታለም፣ ትር ትር ይላል» አላት።

«አንተ የሰው ነርስ ነህ» አለችው። «የሞተ እንስሳ የማውቀው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በእጇ ያለፈው እንስሳ ሁሉ ሞቶ የመጣ ነበር። ችግሩም እሱ ነው፤ ሌላ ዓይነት አይታ አታውቅም። ከኪሷ ሜትር አውጥታ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ለካቻት፤ ማስታወሻዋ ላይም «ሴት፣ ቆዳዋ ያልተጎዳ፣ ገና ትኩስ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሞተሩን የጎን ሳጥን ከፍታ በወንድሟ ልብሶች ላይ አጣጥፋ አስተኛቻት። ለምን በራሷ ልብስ ላይ እንዳላደረገቻት ሲጠይቃት፣ የሱ ይታጠባል አለችው።

አርባ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ነዳጅ ማደያ ቆሙ። ሳጥኑ ከውስጥ ተቧጠጠ። ወንድሟ ጣቶቹን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ አያት። ክዳኑን ስትከፍተው ጥርኟ ቁጭ ብላ አየቻቸው። ወንድሟ አስተኩሶ ባመጣው አንድ ለእናቱ ነጭ ሸሚዝ ላይ ዝባዷን ለቃበታለች። ከዚያ ያለ ምንም ጥድፊያ ወረደች፣ በነዳጅ ቀጂው እግሮች መሀል አለፈች፣ ማሳው ውስጥ ገባች። ነዳጅ ቀጂው ስንት ሊትር እንደሚፈልጉ ጠየቀ።

«ያዛት እንጂ» አለችው ወንድሟን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«የሞተችን ምን ብዬ ልያዛት?»

ሰኞ ጠዋት ነጩ ሸሚዝ በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ካርዱ ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ አለ፦ «ሴት። መቶ ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ዝባዷ ሸሚዙ ላይ ይገኛል። እሷ በሕይወት አለች።»

አለቃው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሳጥኑን ከፍተው አሸተቱና ቶሎ ዘጉት።

«እንስሳዋስ?»

«ሄዳለች።»

«ሸሚዙስ የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

አለቃው ሳጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። ባዶ ነው እንዳይሉ ባዶ አይደለም፤ ቃላቸው ደግሞ ቃል ነው። ክፍሉ እንዳይዘጋ፣ ከእንግዲህ ግን ማንኛውም እንስሳ ቆዳው ከመገፈፉ በፊት መሞቱን ነርስ አይቶ እንዲፈርም አዘዙ።

ወንድሟ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ይፈርማል። ሸሚዙን በጠየቃት ቁጥር የሙዚየም ንብረት ነው ትለዋለች።