ዋና የቀረበት ማክሰኞ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ወገቧን ያማታል? አያት ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ።

«እማማ፣ የዋና መነጽሬስ?» የልጅ ልጃቸው መሳቢያዎቹን እየጎለጎለች ነው።

አያት ድስት የሚያጥቡ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። መነጽሩን ቁም ሳጥን አናት ላይ የደበቁት እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ሒሳብ፣ ማክሰኞ ዋና፣ ረቡዕ ፒያኖ፣ ሐሙስ የውጭ ቋንቋ፣ ቅዳሜ ቴኳንዶ። የሚያመላልሷት እሳቸው ስለሆኑ ፕሮግራሙን በቃላቸው ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት ከፒያኖ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ቆማ! ዓርብ ዕለት አላስችል ቢላቸው ከእናቷ ጋር ተጨቃጨቁ።

«ልጅ ናት እንጂ የጭነት መኪና አይደለችም!»

«እማዬ፣ እኔን ስንት ነገር አምልጦኝ ቀርቷል። እሷ ላይ አይደገምም።» እናቷ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትገባ ለክርክር አቅም የላትም። «እሺ በቃ፣ አንዱን አስቀሪ። አንቺው ምረጪ፤ እኔን ብቻ አትጨቅጭቂኝ።»

አያት ለመምረጥ አልተቸገሩም። ውሃ ያስፈራቸዋል። ገንዳው ዳር ተቀምጠው፣ የልጅቷ ጭንቅላት ጠልቆ እስኪወጣ የሳቸውም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል። ደግሞ ፀጉሯ ሳይደርቅ ንፋስ ይመታታል፤ የወገቧም ነገር ከዚያ ነው ብለው ደመደሙ። ለአሠልጣኟ ደወሉና ልጅቷ ከእንግዲህ አትመጣም አሏት። ለምን ስትላቸው፣ ነገሩን ለማሳጠር፣ «እሷም አትወደውም» አሉ። ልጅቷን ግን አልጠየቋትም።

«ዛሬ እኮ ለውድድር ይመርጡናል!» አለች ልጅቷ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

«ሚጡዬ... ዋናው ቀርቷል።»

«ማን አስቀረው?»

«እኔ ነኝ። እንድታርፊ ብዬ ነው የኔ እናት። ወገቤን ስትይኝ...»

«ወገቤን የሚያመኝ ፒያኖ ላይ ስቀመጥ ነው። ውሃ ውስጥ ምንም አያመኝም።» የፎጣዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ «እዚያ ውስጥ ማንም አይጠራኝም» አለች።

አያት እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ስልኩን አነሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ስለነበሩ ቦታዋን ቅዳሜ ዕለት ለአንዱ ሰጠነው» አለች አሠልጣኟ። «አትወደውም ሲሉኝ እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ! እሷ ምን አጠፋች?»

«ይገባኛል። ግን የገባውን ልጅ እንዴት ላስወጣው?»

እናት ከሥራ ስትገባ አያት አንድም ሳይደብቁ ነገሯት። ትቆጣኛለች ብለው ጠብቀው ነበር። ብትቆጣቸው ይሻል ነበር።

«የሆነው ሆነ» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «እንዲያውም ጥሩ። የሒሳብ አስጠኚዋ ማክሰኞም ጊዜ አለኝ ስትለኝ ነበር።» ስልኳን አወጣች።

«እንድታርፍ እኮ ነው ልጄ! ቀኑ ባዶ ይሁንላት ብዬ...»

«ባዶ ሆኖላት ምን ልትሠራበት? ቴሌቪዥን ላይ ልታፈጥ?»

መልእክቱ ሄደ። መልሱም ወዲያው መጣ፤ አሁኑኑ ትውረድ ይላል።

አስጠኚዋ የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። እንዲያም ሆኖ አያት አንድም ቀን ብቻዋን ሰደዋት አያውቁም። ጫማቸውን ለማጥለቅ ጎንበስ አሉ።

«ቆዪኝ የኔ እናት፣ ላድርስሽ። ደረጃው ይጨልማል።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፎጣዋን አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ የሒሳብ ደብተሯን አነሳች። አያት እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘረጉላት። የተዘረጋውን እጅ አየችው። ከዚያ ደብተሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችና፣ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ብቻዋን ወጣች።