ራጅ ያላየው ጉልበት

ሠራተኞቹ ፎርማኑን ከኋላው «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ግድግዳ ዓይኑ እያየ ቢገነባ እንኳ ውሃ ልኩን ሳያስጠጋ ቀጥ ማለቱን አያምንም። ሰውንም እንደዚያው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል።

ሰሞኑን ጥርጣሬው ያረፈው በእህቱ ባል ላይ ነው። አማቹ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በእሱ ሥር ሠርቷል። አሁን ግን «ጠዋት ስነሳ ጉልበቴን ይይዘኛል፣ ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል» ማለት አብዝቷል። ራጅ ተነሣ፤ ራጁ ምንም አላሳየም።

«አጥንቱ ደህና ከሆነ ምን ያነክሰዋል?» አላት ውሃ ልክ እህቱን። «ሌላ አሠሪ አግኝቶ ሰበብ እየፈለገ ነው።»

እህቱ ቱግ አለች። «ደረጃ ሲወርድ ጥርሱን ሲነክስ የማየው እኔ ነኝ!»

«አንቺን ማታለልማ ምን ይሳነዋል!»

ራጁን ያየችው ሐኪም ለአማቹ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ስትሰጠው ውሃ ልክ አብሬው ካልሄድኩ አለ። ሊያስታምም እንዳይመስላችሁ፤ እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው። መንገድ ላይ ሆን ብሎ ወደ ኋላ እየቀረ አረማመዱን ሰለለ። መኪና ሲመጣባቸው አማቹ ፈጠን ብሎ ተሻገረ። «ይኸው ሮጠ!» አለ በሆዱ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አማቹን «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ስትለው ውሃ ልክ ጆሮውን አቆመ። ለካ ይተዋወቃሉ! ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ሊሉኝ ነው ብሎ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

ሐኪሟ የአማቹን ጉልበት አሳጥፋ፣ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ቀብታ የመሣሪያውን ጫፍ አንሸራተተችበት።

«ነጩ መስመር አጥንቱ ነው። ከላዩ ያለው ጥቁር ክር የአጥንቱ ልባስ ነው፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚጠብቀው። እዚህ ጋ ሳስቷል። ይኼ ደግሞ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው።»

«ራጁ ደህና ነው ብሏል እኮ» አለ ውሃ ልክ።

«ራጅ ልባሱን አያሳይም። ሕመሙ ገና ጅምር ነው፤ አጥንቱ እስኪጎዳ ብንጠብቅ ራጁም ባሳየን ነበር።»

«ሳስቷል ይላሉ፤ ከምን ጋር ሲተያይ? ልኩን ሳላይ አላምንም።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ አማቹ አፍሮ።

«አንተ ዝም በል!» ውሃ ልክ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቀለለ። «እስቲ የኔን ይዩት። ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጉልበቱን ቀባችው። በነጩ መስመር ላይ ጥቁሩ ክር ወፈር ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተዘርግቶ ታየ። ልዩነቱን ሕፃን ልጅም አይስተውም።

«እርስዎስ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አብረን ነን።»

«ተንበርክከው ነው የሚሠሩት?»

ውሃ ልክ የጠቀለለውን ሱሪ መልሶ አወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአማቹ አናት ላይ ቆሞ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» ሲል ነው የኖረው።

ሐኪሟ ሥራው ብቻውን ምክንያት ላይሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ቢሆንም አማቹ መንበርከኩን እንዲቀንስ፣ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም እንዲሠራ አዘዘችው።

ሲወጡ አማቹ የደረጃውን ብረት ይዞ አንድ በአንድ ወረደ። ውሃ ልክ ክንዱን ሊይዘው እጁን ሰነዘረና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ከነገ ጀምሮ ልኬቱንና ቆረጣውን አንተ ያዝ፤ ቆመህ የምትሠራው ነው» አለው።

«ማንጠፉንስ?»

«ሰው እስኪገኝ እኔ አለሁ።»

አማቹ ቆም ብሎ ከእግር እስከ ራሱ ገረመመው። «ጋሼ፣ ልታባርረኝ አስበህ ነው አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!»

አማቹ አላመነውም። ወር ሙሉ ለሚስቱ «ይኼ ሰውዬ የሆነ ነገር አስቧል» ሲል ከረመ። ውሃ ልክ ግን በማግስቱ ተንበርክኮ አንድ ጠባብ ክፍል አነጠፈ። ሲጨርስ ግድግዳ ተደግፎ፣ እያቃሰተ ተነሣ። አማቹም አይቶ እንዳላየ ሆኖ መቁረጡን ቀጠለ።