አሥር ሰው ከነቤተሰቡ

«ለሷ ምን ያደርግላታል? ለፀሐይነሽ ስጣት፤ እሷ ታነባለች» አለ ግሩም።

ወረቀቱን ከጌድዮን ለመቀበል የተዘረጋው የእናቱ የካሰች እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ወረቀቱ ነገ ጠዋት ከማሪና ዴል ሬይ ወደብ ተነስታ ሬዶንዶ ቢች ወደብ የምትደርሰው ጀልባ የጉዞ ወረቀት ነው። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ በየት በኩል እንደምትሄድ፣ እነማን እንደተሳፈሩ ተጽፎበታል። የብስ ላይ የሚቀር ሰው ይይዘዋል፤ እስከ አምስት ሰዓት «ደርሰናል» ብለው ካልደወሉ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን ይጠራል። የብስ ላይ የምትቀረው ካሰች ነበረች። ወረቀቱ ግን ታች ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ላላት ለፀሐይነሽ ሊሰጥ ነው።

«አንተን አሳድጌ እዚህ ያደረስኩህ በማን ንባብ ነው?» አለች ልጇን። «በፀሐይነሽ?»

«እትዬ፣ አይቆጡ» አለ ጌድዮን። ከግሩም ጋር ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል የሚነዳ፣ ዓምና ያገለገለች ጀልባ የገዛ ሰው ነው። «ሁሉም ነገር ቼክ ተደርጓል። ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት ነው፤ እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን። ሬድዮ አለኝ፣ ለሁሉም የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት አለኝ...»

«ስንት ሰው ትችላለች?»

ግሩም ሳቀ። «እማዬ፣ አሰብ ላይ ሻይ ሸጥሽ እንጂ ጀልባ ነዳሽ እንዴ?»

«ሻዬን የሚጠጡት እነማን ነበሩ? ገበሬዎች?»

«አሥር» አለ ጌድዮን ፈጥኖ። «መሪው አጠገብ ተጽፎ ተለጥፏል። እኛም አሥር ነን፤ መስመሩን ቆጥሬዋለሁ።»

«አንብብልኝ።»

ግሩም ተነፈሰ። ጉዞው ለልደቷ የተዘጋጀላት፣ ነገ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላት ልጁ ልዕልት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የብርቱካናማ ላይፍ ጃኬቷን መቆለፊያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከጠዋት ጀምሮ አላወለቀችውም።

ጌድዮን ማንበብ ጀመረ። ራሱ፣ ግሩም፣ የግሩም ሚስት ሰርክ፣ ልዕልት፣ ሁለት የልዕልት ጓደኞች፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦች። ካሰች በአውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካች ተከተለችው፤ ለአንድ ሰው አንድ አንጓ።

«ሳብሪያ ከነልጆቿ። ጋሽ ሀይለገብርኤል ከነቤተሰባቸው።»

አውራ ጣቷ ቆመ።

«ሳብሪያ ስንት ልጅ አላት?»

«ሁለት» አለ ግሩም።

«ሦስት» አለች ልዕልት። «ቤቢውን ረሳኸው፣ ዳዲ።»

«ሀይለገብርኤልስ?»

ግሩም ይቆጥር ጀመር፦ ራሳቸው አሉ። ሚስታቸው አሉ። ልጃቸው አለች፤ ባሏ አለ፤ ሕፃኑ አለ። የካሰች የቀኝ እጅ አንጓዎች አልቀው ወደ ግራው ተሻገረች።

«አሥራ ሰባት» አለች።

ግሩም የጻፈው እንደ ሠርግ ጥሪ ነበር። ሰው የሚጠራው ከነቤተሰቡ ነው፤ ሌላ አጠራር አያውቅም። ጌድዮንም ያደገው በዚያው አጠራር ስለሆነ አሥሩን መስመር አሥር ሰው ብሎ አልፎታል። አሁን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ግሩሜ፣ ይሄማ...»

«ኦኬ፣ ግን አራቱ እኮ ሕፃናት ናቸው!» አለ ግሩም። «እቅፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልጅ ደግሞ ይቆጠራል?»

ካሰች ድምፅዋን አላነሳችም።

«እኔም እንደዚሁ ነበር ያልኩት።»

«መቼ?»

«በሰማንያ ሦስት፣ አሰብ ስትያዝ። አንተ ደሴ አያትህ ጋ ነበርክ። ወደ ጅቡቲ የምትሻገር ጀልባ ነበረች፤ ጢም ብላለች። ባለጀልባው በቃ አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ልጅ ናት፣ እቅፌ ላይ ናት፣ አትቆጠርም› አልኩት። አስገባኝ። እኔን ያዩ ሌሎችም ልጆቻቸውን እያሳዩ ገቡ።»

«እህቴ ትርንጎ የሞተችው በወባ ነው» አለ ግሩም። «እንደዚያ ነው የነገርሽኝ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የነገርኩህ። ማዕበል እንኳ አልነበረም። ጀልባዋ በጣም ዝቅ ብላ ስለነበር እጄን ብሰድ ውኃውን እነካዋለሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ጎን ተጠጋ፤ በዚያው ጎን ውኃ ገባ። የጀልባዋን ጠርዝ ልይዝ አንድ እጄን ከልጄ ላይ አነሳሁ። አንድ እጄን ብቻ።»

የልዕልት መቆለፊያ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። ከታች መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

«እማዬ...»

«አታልቅስብኝ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

ግሩም ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ጋሽ ሀይለገብርኤልን እንዴት ብዬ ነው አይምጡ የምላቸው? እንደመጣሁ ስምንት ወር እኮ ከልቨር ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ተኝቻለሁ። ነገ እዚያው ስንደርስ እናያለን። ምናልባት አንዳንዱ ይቀር ይሆናል።»

«እዚያ ማንም አይቀርም። ለብሰው፣ ምሳ ቋጥረው ነው የሚመጡት። ልጆቹ ይዘላሉ። አንተ ታፍራለህ፤ ይሄም ያፍራል» አለች፣ ጌድዮንን በአገጯ እያሳየች። «ያ ባለጀልባም ክፉ ሰው አልነበረም። አፍሮ ነው።»

ጌድዮን አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው... ሁለቱ ቤተሰቦች በመኪና መጥተው ሬዶንዶ ላይ ቢጠብቁንስ?»

«ንቀት ነው የሚመስላቸው» አለ ግሩም።

«ይምሰላቸው።» ካሰች ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልክ ወደ ልጇ ገፋችው። «ለሀይለገብርኤል ደውል። ነገ አይደለም፣ አሁን። እናቴ ከለከለችኝ በለው፤ ስሜን ጥራ። እኔንም በመኪናው ይውሰደኝ፤ የሚሰድበው ሰው ካስፈለገው አጠገቡ እቀመጥለታለሁ። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ልስማ። ከሱ ስትጨርስ ለሳብሪያ ትደውላለህ።»