የዳህላክ ዋሻና የመንጌ ጉድጓድ

የሻው በባሕር ኃይል ጠላቂ በነበረበት ጊዜ ከዳህላክ ደሴቶች በአንዱ ሥር ያለ ዋሻ ገብቶ ያውቃል። እሱና ጓደኛው ኪዳኔ አለት የያዘውን የጀልባ መልሕቅ ሊያስለቅቁ ወርደው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ኪዳኔ በሲሊንደሮቻቸው የቀረውን አየር አየና ወደ ዋሻው አፍ ጠቆመው። ገመድ አስረው ተከታትለው ገቡ። የሻው ባትሪውን ሲያበራ ግድግዳው ሁሉ ቀይና ብርቱካናማ ኮራል ለብሷል። እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፉ ትንንሽ ዓሦች መሀል ለመሀል ተከፍለው አሳለፏቸው። ከጣሪያው ሥር የተኛች የባሕር ኤሊ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና መልሳ ከደነችው። ከየስንጥቁ ሸርጣን የሚመስለው የሎብስተር ጺም ይወዛወዛል። ኪዳኔ ሳቀ፤ የሳቁ አረፋ ሽቅብ ወጥቶ ጣሪያው ላይ እንደ ብር ሲንከባለል የሻው ተንጋሎ አየው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን የተደሰተበት ጊዜ የለም።

ምጽዋ በጦርነቱ ስትያዝ ኪዳኔ ሞተ። ቆይቶ ባሕር ኃይሉም ተበተነ። የሻው እናቱ የሺሀረግ ከወሎ በሰፈራ ወደመጡባት አሶሳ ገባ። አዲሱ ክልል ቢሮዎቹን እየከፈተ ስለነበር ሥራ ሊጠይቅ ሄደ። ሙያውን ሲጠይቁት ጠላቂ ነኝ አለ። ሰውየው አልሳቀበትም፤ ክልሉ ባሕር እንደሌለው፣ አገሪቱም ከእንግዲህ እንደሌላት አዘን ብሎ ነገረው። የሻው የእናቱን ማሽላ ማረም ያዘ። ገበያ ላይ ለጠየቀው ሁሉ ግን ስለ ዋሻው ያወራ ነበር።

ወሬው ወርቅ ወደሚቆፈርባት መንጌ ደረሰ። በዚያ ክረምት አልአሚን የሚባል ወርቅ ቆፋሪ ከጉድጓዱ ግርጌ ወደ ጎን ባበጀው መተላለፊያ ውስጥ እንዳለ ወንዙ ሞልቶ ጉድጓዱን ዋጠው። በማግስቱ ወንድሙ ሱለይማን አሶሳ መጥቶ የሻውን ለመነው። በጭነት መኪና ወደ መንጌ ሲሄዱ የሻው የአየር ሲሊንደር እንደሌለው፣ ያለ አየር እንዲህ ያለ ቦታ መግባት እንደማይቻል ደጋግሞ ነገረው። ሱለይማን ሬሳው ብቻ ይውጣልን፣ ታጥቦና ተገንዞ ይቀበር አለው። የሻው እምቢ ማለት አቃተው።

የአልአሚን ሚስት ዐዋጢፍ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ነበር። የበርታ ብሔር ተወላጅ ናት፤ አማርኛ የምታውቀው ከገበያ ነው።

«አንተ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል ይላል ሰው» አለችው።

«የሚተነፍሰው መሣሪያው ነው፤ እኔ አይደለሁም» አላት።

ወገቡን በገመድ ታስሮ ገባ። ውሃው ቀይ ጭቃ ነው፤ ዓይኑን ቢገልጥም ቢጨፍንም ያው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የመተላለፊያውን አፍ ሳያገኝ ትንፋሽ አጥሮት ወጣ። ተመልሶ ጠለቀና በዳበሳ አገኘው። በደረቱ እየተሳበ ሲገባ እጁ የሰው እግር ነካ። ጎተተው፤ አልመጣም። ከጉልበቱ በላይ አፈር ተጭኖታል። እንደገና ሲጎትት ከላይ ጭቃ እየተናደ ጀርባው ላይ ወደቀ። ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። እግሩን ለቀቀና ገመዱን ሳበ፤ ጎትተው አወጡት።

«አግኝቼዋለሁ፤ እግሩን ይዤው ነበር» አለ፣ መተንፈስ ሲችል።

«ታዲያ ለምን ለቀቀ?» አለችው ዐዋጢፍ።

የሻው ልመለስ ብሎ ተነሣ፤ ሱለይማን ገመዱን ይዞ ከለከለው። ሲከራከሩ የጉድጓዱ አንድ ጎን ተንዶ ገባ፤ ውሃው ሲፍለቀለቅ ቆየና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ መውረድ አላነሳም። የሰፈሩ ሼህ ሰዎቹን ጉድጓዱ ፊት አሰልፈው የቀብር ስግደት አሰገዱ። የሻው ከዳር ቆሞ ጠበቀ። እጁ አልሞቅ ብሎት ነበር።

ስግደቱ ሲያልቅ ዐዋጢፍ ወደ እሱ መጣች።

«እግሩ ብርድ ነበር?»

«ብርድ ነበር» አላት።

ዐዋጢፍ ተመልሳ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሱለይማን ወደ ቤት እንሂድ ቢላት አልተነሣችም። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ የሻውም እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ የአሶሳ መኪና ወደሚቆምበት ወጣ።