እጄ የዘለላት ቦታ

ሯጭ ስለ እግሩ ሲናገር አላምንም። የክለባችን ወጌሻ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሯጭ እግር ሳሽ ኖሬ እውነቱን የነገረኝ ሰው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ጉልበቱ ድንች አክሎ አብጦ "ደህና ነኝ እትዬ፣ ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነው" ይላችኋል። ድንቄም ደህና! ለዚህ ነው አሰልጣኛችን እነሱን ትቶ እኔን የሚጠይቀኝ። ሰኞ ሰኞ ክፍሌ በር ላይ ይቆምና "ማንን ላሳርፍ?" ይለኛል። ስሙን የጠራሁት ያርፋል፤ ያልጠራሁት ይሮጣል። ይግባኝ የለም።

ስሟን መጥራት የነበረብኝ ልጅ ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት። እግሯ ቀጭን፣ አረጋገጧ ፈጣን ስለሆነ ክለቡ በሙሉ ፌንጣ ይላታል። እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለማራቶኑ አራት ሴቶች ሲመረጡ አራተኛ ሆና ገባች፤ ከእሷ ይልቅ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ። ከኋላዋ አንዲት ተጠባባቂ አለች። ፌንጣ አንድ ሳምንት ካረፈች ቦታው የተጠባባቂዋ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ውድድሩ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሜ የግራ ቅልጥሟን እያሸሁ ሳለ ድንገት እግሯን ሰበሰበችው።

"ምንድነው?"

"ምንም።"

"እኔን ነው ምንም የምትይኝ? የቱ ጋ ነው?"

በአንድ ጣቷ አሳየችኝ። ጡንቻው ያመመው ሰው "እዚህ አካባቢ" ብሎ በመዳፉ ነው የሚያሳየው። በጣት ጫፍ ከጠቆመ ነገሩ አጥንት ነው።

"አጥንትሽ ነው። ሰኞ እነግረዋለሁ" አልኳት።

እጄን ለቀም አደረገችው። "ሁለት ኪሎ ሜትር ስሮጥ ይተወኛል እኮ፣ አክስቴ! ሲሞቅ ይጠፋል። ብትነግሪው የእናቴ አጥንት ይፋረድሽ!"

አለቀሰች፤ አንጀቴን በላችው። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ አፌን የያዘኝ የእሷ ልቅሶ ብቻ አልነበረም። እኔም ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ እግር አሽቼ ስሸኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ የራሴ ልጅ ሰው እያጨበጨበላት ስትገባ ማየት አማረኝ። ሰኞ አሰልጣኙ መጥቶ ሲጠይቀኝ የሌሎች የሁለት ልጆች ስም ጠራሁና ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ቦታ መንካት ተውኩ። ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ ሳሽ እመጣና እዚያች ስደርስ እጄ ዘሏት ያልፋል። ካልነካኋት ልጅቷ አትሸማቀቅም፤ ካልተሸማቀቀች ደግሞ እኔ ምን አውቃለሁ? ወይ ጉድ! እጄ አይዋሽም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሴትዮ እጄን ውሸት አስተማርኩት። ሌሎቹ እንዳያዩ ተራዋን መጨረሻ አደረግሁት። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አስርላታለሁ፣ ማስታገሻ እሰጣታለሁ፤ መጀመሪያ ከረጅም ሩጫ በኋላ አንድ፣ ኋላ ከሩጫው በፊትም አንድ፣ ከዚያማ የየቀን ቁርሷ ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ኧረ ይነቅዛል! ቤት ደረጃ ስትወጣ ብረቱን ተደግፋ ነው። "አሮጊት ሆንሽ እኮ" ስላት ትስቃለች፤ እኔ ግን ከኋላዋ ሆኜ ያን እግር እያየሁ ደረጃውን እቆጥር ነበር።

አንድ ጠዋት ካልሲዋን ስታጠልቅ ቅልጥሟ ላይ አተር የምታክል እብጠት አየሁ።

"በቃ፣ ዛሬ ልንገረው" አልኳት።

"አሁን? ይሄን ያህል ጊዜ ደብቀሽ አሁን? አንቺንም እኮ ያባርሩሻል።"

አዝናልኝ ይሁን አስፈራርታኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ አልነገርኩትም።

የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ነበር፤ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር። እኔ ውኃ ይዤ ከአሰልጣኙ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እከተላቸዋለሁ። ሃያ ሰባተኛው ላይ አሰልጣኙ ደስ ብሎት "ፌንጣን አየሻት ዛሬ?" አለኝ። አይቻታለሁ፤ ግራ እግሯን ስትጥለው አጣጣሏ ልክ አልነበረም። "አቁማት" ልለው አፌን ስከፍት እግሯ ከጉልበቷ በታች፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። ከዚያ ወደቀች። ጩኸቷ በተዘጋው መስኮት ገባ። ሮጬ ስደርስ የተሰበረው ያው እኔ የማውቀው ቦታ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው፣ አየውና "ይሄ ስንጥቅ የዛሬ አይደለም" አለ። "ሁለት ወር ሳይሆነው አይቀርም። ያኔ ብታርፍ ኖሮ በራሱ ይድን ነበር። አሁን ብረት ይገባበታል። መራመዱን ትራመዳለች።"

ስለ መሮጥ ምንም አላለም። የጠየቀውም የለም።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። "ሁለት ወር? በየሳምንቱ በእጅሽ ላይ ነበረች እኮ!"

ልነግረው ነበር። ፌንጣ ግን ከአልጋው ላይ ሆና ቀደመችኝ። "እሷ ምን ታውቃለች?" አለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። "ደብቄያት ነው። ማስታገሻ ከዋጥኩ በኋላ ነበር የምታሸኝ። እሷን እንዳይናገሯት።"

አሰልጣኙ በረጅሙ ተነፈሰና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "አይዞሽ። ካልነገረችሽ አንቺ ምን ታደርጊ?"

ሁለቱም ያዩኛል። ፌንጣ በተለይ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም፤ እውነቱን እኔ እንድናገር እንደምትጠብቅ ገብቶኛል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ትዝ አለኝ።

"አዎ፣ አልነገረችኝም" አልኩ።

አሰልጣኙ ወጣ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ብርድ ልብሷን ላስተካክልላት እጄን ዘረጋሁ።

"አትንኪኝ፣ አክስቴ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።