የማን ገላ?

"እጅሽን አንሺ፣ እንዳይወጋሽ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒል በጥርሷ እንደነከሰች።

እሁድ የልብስ ሰፊዋን ልጅ የምታገባው ሙሽራ እጇን አነሳች። ቀሚሱ ነጭ ነው። ከደረት በላይና ክንዱ ላይ ግን ጥልፍ ያለበት ስስ መረብ ጨርቅ ገብቶበታል፤ መረቡ ጠፍቶ ጥልፉ ብቻ ገላ ላይ የበቀለ እንዲመስል ነበር የታሰበው። አልመሰለም። በልጅቷ ጥቁር ቆዳ ላይ ፋሻ መስሎ ቁጭ አለ።

"ምን ሆኖ ነው? ስንቷን ሙሽራ ድሬበታለሁ፣ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።"

ሙሽራዋ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም።

"ትንሽ ፓውደር ነገር ብትቀቢ ትመሳሰያለሽ፣ የኔ ልጅ።"

"እኔ ጨርቁን ልምሰል?"

"ታዲያ ጨርቁ ምን ያድርግ? የገላ ቀለም ነው።"

"የማን ገላ፣ እትዬ?"

"የሰው ነዋ" ልትል አፏን ስትከፍት ስፒሉ ወደቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ቤት ገብታ "የገላ ቀለም ስጠኝ" ስትል ባለሱቁ ከአንድ ጥቅል ነው የሚቀድላት። ይቺን ልጅም በገዛ እጇ ለክታታለች፤ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ክንዷን። ያየችው ግን ሜትሩን ነው።

ሙሽራዋ ዚፑን መፍታት ጀመረች። "የአክስቴን ቀሚስ እለብሳለሁ። እርስዎም አይድከሙ።"

"ቆይ እስቲ።" ነገሩ ከንክኗታል። ቁራጭ መረብ አነሳችና እጅጌዋን ሰብስባ የራሷ ክንድ ላይ ዘረጋችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችው። "እኔንም አይመስልም እኮ! ይሄን ሁሉ ዘመን የማንን ገላ ነው ስሰፋ የኖርኩት?"

ሙሽራዋ ሳትወድ ሳቀች። "እርስዎም ፓውደር ይቀቡ።"

"ይበለኝ። አውልቂው በይ፣ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ። አንቺም ተከተይኝ፣ ክንድሽን እፈልገዋለሁ።"

ባለሱቁ ገና ከበር ሲያያት ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አሳረፈው። "የገላ ቀለም፣ እንደተለመደው?"

"መልሰው። ቡናማዎቹን በሙሉ አውርድልኝ፣ እሷ ላይ እያየን እንመርጣለን። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የገላ ቀለም ስልህ፣ የማን ብለህ ጠይቀኝ።"

"እሺ። ይሄንንስ ምን ልበለው?"

ልብስ ሰፊዋ ጥቅሉን ትኩር ብላ አየችው።

"የተላጠ ድንች።"

ሙሽራዋ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።