በዘጠነኛው መስመር ያለው ባሕር

«ውኃ አለው ብለህ ጻፍ።»

«ያላየሁትን ውኃ?»

«አንተ ጻፍ እንጂ፤ ማን ገብቶ ያየዋል?»

መምህርቷ ይህን የሰማችው በስምንት ዓመቷ፣ ኩፍኝ ይዟት ከጓዳው በር ጀርባ ተኝታ ሳለች ነው። አባቷ የጉድጓድ ውኃ ቦታ መርማሪ ነበር። ያናገረውን ሰውዬ ድምፁን እንጂ ፊቱን አላየችም። አባቷ ምን ብሎ እንደመለሰም አታውቅም፤ ትኩሳቱ ይሁን እንቅልፉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ተቆርጦባታል። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ትዝ ይላታል። ከዚያ ምንም። ቢሆንም አርባ ዓመት ሙሉ «አባዬ እንቢ ብሏል» ብላ ኖራለች፤ ማንም ሳይነግራት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያ ንግግር ድንገት የመጣባት፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ «ሰማይ ክፍል» በሚሏት ጠባብ ክፍል ቆማ ሳለች ነው። ክፍሏ ድሮ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ነበረች። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ የጋረደችው ራሷ ናት፤ ፕሮጀክተሩንም ያገኘችው ስድስት ወር ደጅ ጠንታ ነው። አሁን ግድግዳው ላይ አንዲት ፕላኔት ቀስ ብላ ትዞራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ተገኘች የተባለች፣ ስሟ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሆነ፣ የእኛን ሳይሆን የሩቅ ፀሐይ የምትዞር ፕላኔት። ሰማያዊ ባሕር አላት። የባሕሩ ዳርቻ ያበራል።

ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ። «ይኼ ነው እንግዲህ! እውነቱን ልንገርሽ መምህር፣ ይህቺን ክፍል መልሼ ዕቃ ቤት ላደርጋት ወስኜ ነበር። ነገ ወላጆችና ቦርዱ ይህን ባሕር ካዩ ግን ማን ይነካሻል?»

«ባሕሩ...» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

እሳቸው ሲወጡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምንም አይደለም ያለችው ነገር ግን አልተቀመጠላትም።

ፕላኔቷን የሠራላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ሥራው መነጽር መሥራት ነው፤ ሰማዩን የተማረው ግን ከማንም ሳይሆን መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ነው። አዲስ ፕላኔት ተገኘ በተባለ ቁጥር ዘገባውን ቃል በቃል ያነብና ሕዋን በሚያስመስለው ሶፍትዌር ውስጥ ይገነባታል። አገነባቡ ቀላል ነው። አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይከፈታል፤ ስፋቷ በአንድ መስመር፣ ክብደቷ በአንድ መስመር፣ ከፀሐይዋ ያላት ርቀት በሌላ መስመር ይጻፋል። ያልተጻፈውን ሶፍትዌሩ ከራሱ ገምቶ ይሥለዋል። እሷንም ያስተማራት እሱ ነው። «የሚታወቀውን ብቻ ጻፊ። የማይታወቀውን ባዶ ተይው። ከተሳሳተ የማሽኑ ኃጢአት ነው፤ ያንቺ አይደለም» ይላት ነበር።

ዘገባውን እሷም አንብባዋለች። ያገኟት ሰዎች ፕላኔቷን ራሷን አላዩዋትም። በየአሥራ አንድ ቀኑ የኮከቧ ብርሃን በጥቂቱ ይደበዝዛል፤ ዝንብ መብራት ፊት እንዳለፈች ያህል። ኮከቡም ወዲህና ወዲያ ዘንበል ይላል። ከዚያ ተነሥተው ስፋቷንና ክብደቷን አወቁ። ስለ ባሕር አንድ ቃል አልጻፉም።

ማሽኑ ገምቶት ይሆናል አለች ለራሷ። ልቧ አልተቀበለውም። ፋይሉን ከፍታ ወደ ታች ወረደች። ዘጠነኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ የባሕር ጥልቀት፣ አራት ኪሎ ሜትር።

ማሽኑ የገመተውን ስክሪን ላይ ይሥላል እንጂ ፋይል ላይ አይጽፍም። ይህን መስመር የጻፈ ጣት አለ።

ገጹን አተመችው፤ አጠፈችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ወንድሟ ሱቅ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ የመለኪያውን ከባድ ፍሬም አፍንጫቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል።

«ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?»

«ኧረ ያው ናቸው ልጄ።»

«ያው ከሆኑማ ገና አላገኘነውም ማለት ነው። እንደገና እንሞክር።»

ሌንሱን አወጣ፤ ሌላ አስገባ። ሰባት ጊዜ ለዋወጠላቸው፤ አንዴም ፊቱ አልተቋጠረም። መምህርቷ በሩ አጠገብ ቆማ ጣቶቹን ታያለች። እነዚህ ናቸው የጻፉት? ሳይለካ መነጽር ሰጥቶ የማያውቅ ሰው?

ሽማግሌው መርቀውት ሲወጡ ጠጋ አለች።

«ወንድምዓለም፣ ባሕሩን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን ባሕር?»

የቱን ብሎ መጠየቁ ራሱ አላማራትም። ስንት ባሕር አለው?

«የፕላኔቷን።»

«እሱማ ሶፍትዌሩ ነው። ታውቂው የለም እንዴ?» ዓይኑ የሚጠርገው ሌንስ ላይ ነበር።

ወረቀቱን ዘርግታ ፊቱ አስቀመጠች። «እስቲ ዘጠነኛውን መስመር አንብብልኝ። መነጽር እንደሆነ እዚህ ሞልቷል።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ።

«እሺ፤ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ባዶ ስተወው ምን እንዳወጣ ባየሽ! ግራጫ ድንጋይ። እሳት ውስጥ የተረሳ ድንች የመሰለ። እኚያ ዳይሬክተርሽ ድንች አይተው ክፍል ይተዉልሻል?»

«ስለዚህ ዋሸህ።»

«የለም ያለ አለ እንዴ? አንድም ሰው ባሕር የላትም አላለም። ደግሞስ ማን ሄዶ ያየዋል?»

አርባ ዓመት ሙሉ የያዘችው ድምፅ፣ ከወንድሟ አፍ።

«አባዬ ያን ቀን ምን ብሎ መለሰ?» አለችው።

«የትኛውን ቀን?»

«ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ። የጉድጓዱ ሰውዬ ቤት የመጣ ቀን። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ አንተ ግን ሳሎን ነበርክ።»

ወንድሟ የራሱን መነጽር አወለቀ። ሲያወልቀው ፊቱ አባታቸውን ይመስላል።

«ምን ይሠራልሻል አሁን?»

«እንቢ ብሏል አይደል?»

«ጻፈ።»

ከውጭ የሆነ መኪና ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ።

«የመንደሩ ሰዎች ውኃ ይወጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ እሱም ለእነሱ ተስፋ አደረገ» አለ ወንድሟ። «ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ተቆፈረ። ስልሳ ሜትር። አቧራ።»

«አሁን የፈጠርከው ነው። እንደ ባሕሩ።»

«ይሁንልሽ።» ወረቀቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። «አያታችን ቤት ስንሄድ ለምን በረጅሙ መንገድ ይዞን እንደሚዞር ግን አንድ ቀን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ጠይቃው አታውቅም። ውሻ ፈርቶ ይመስላት ነበር። አጭሩ መንገድ ጉድጓዱ በተቆፈረበት መንደር መሃል ያልፋል። አባቷ መገንጠያው ጋ ሲደርስ እርምጃው ይዘገያል፤ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ ሳይናገር ይታጠፋል። ሁልጊዜ፣ ሳያጓድል። ተማሪዎቿን በየዓመቱ «ያልታየውን ከኮከቡ አካሄድ ዕወቁት» የምትል እሷ፣ የአባቷን አካሄድ ልብ ብላው አታውቅም።

ወንድሟ አልዋሸም። በዚህኛው አልዋሸም።

«ባሕሩን አጠፋዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ክፍልሽን ይወስዱብሻል እኮ!»

«ይውሰዱት። ዕቃ ቤት ቢያንስ ሐሰት አይናገርም።»

«ግድ የለሽም፤ ከሥር በትንሹ ‹በግምት› ብለን እንጻፍበት።»

«በትንሹ! ያንተ ደንበኞች መነጽር አድርገው እንኳ የማያነቡትን ፊደል?»

ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ስማኝ» አለች ወረቀቱን መልሳ እየሳበች። «ነገ ራስህ ትመጣለህ። መጀመሪያ ባሕሩን ታሳያቸዋለህ። ከዚያ ፋይሉን ግድግዳው ላይ ከፍተህ ዘጠነኛውን መስመር ትሰርዛለህ፤ እያዩህ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት ብለህ።»

«ድንጋዩም እኮ የማሽኑ ግምት ነው። መልኳን ያየ የለም።»

«እሱንም ንገራቸው። ያያት እግዜር ብቻ ነው በላቸው፤ እኛ የምናውቀው የብርሃኑን መደብዘዝና የኮከቡን መወዛወዝ ነው በላቸው። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ከወሰዱት፣ አውቀው ይውሰዱት።»

«በስንት ሰው ፊት ነው?»

«መቶ ሃምሳ። ክፍሉ ስለማይበቃ በአምስት ዙር ይገባሉ።»

«አምስት ጊዜ ልሰርዘው?»

«አምስት ጊዜ ጻፈው፤ አምስት ጊዜ ሰርዘው።»

ወንድሟ የጀመረውን ሌንስ አነሣ። በጨርቁ ጠረገው፤ ወደ መብራቱ አነሥቶ አየው፤ እንደገና ጠረገው። ንጹሕ እንደነበረ ከቆመችበት ይታያታል። በልቧ እንቢ ይለኛል አለች። ምክንያት እየፈለገ ነው። ነገ ጠዋት ስልኩን ያጠፋል።

ሌንሱን ወረቀት ከረጢቱ ውስጥ መለሰ።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«በሁለት ሰዓት እመጣለሁ» አለ። «ኮምፒውተሩን ግን እንዳትነኪብኝ። የመሰረዣውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ።»